ያጠፋሁት አምፖል ሲጠቅሰኝ

እናንተዬ፣ መብራት አጥፍታችሁ ዞር ስትሉ ያጠፋችሁት አምፖል ከኋላችሁ ጠቅሷችሁ ያውቃል? እኔን ጠቅሶኛል። ያውም አምፖል ሻጩን እኔን! ሌላ ሰው መጥቶ ቢነግረኝ «ዓይንህን ታከም» ብዬ እስቅበት ነበር። በራሴ ሲደርስ ግን ቀልቤ ተገፈፈ። ይኸው እስካሁን መብራት ባጠፋሁ ቁጥር ዞር ብዬ ሳላረጋግጥ አልወጣም።

ጉዱ እንዲገባችሁ ሥራዬን ላስቀድም። መርካቶ፣ ከሰባተኛ ገባ ብሎ ባለ አንድ መደዳ ላይ የአምፖል ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ አስካለ ሒሳብ ትቀበላለች፤ እኔ አወራለሁ። የሥራ ክፍፍላችን እንዲህ ነው። አሁን አሁን ኤልኢዲ የሚባለው መጥቶ ገበያውን ቢወስደውም፣ ያን ነጭ ቱቦው የተጠማዘዘውን ቆጣቢ አምፖል «እሱን ካልሆነ አልፈልግም» የሚሉ ደንበኞች አሁንም አሉኝ። ጓዳዬም እስከ ጣራው የተሞላው በሱ ካርቶን ነው።

በኛ መደዳ አምፖል ሳይሞከር አይሸጥም። ገዢው «ይሞከርልኝ» ይላል፤ እኔ መሞከሪያው ጣውላ ላይ አስሬ አበራለታለሁ። «ይሄ ደብዘዝ አለብኝ፤ ሌላ አምጣ» ይላል፤ ሌላ አመጣለሁ። ቆጣቢ አምፖል እስኪሞቅ ትንሽ ይደበዝዛል ብዬ ብምል ብገዘት የሚሰማኝ የለም። እንዲያውም አንዱ ጉደኛ «እንግዲያው የሞቀውን ስጠኝ» ብሎ መሞከሪያው ላይ የዋለውን ይዞብኝ ሄዷል። በርቶ ታይቶ ከሱቄ የወጣ አምፖል ደግሞ አይመለስም። ሕጉ የታወቀ ስለሆነ በዚህ የሚጣላኝ ሰው አልነበረም።

ከጎኔ ያለው ሱቅ የሰይድ ነው። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ብርጭቆ ይሸጣል። የሻይ፣ የውሃ፣ ባለ እግሩ፣ ባለ ወርቅ ቅቡ፣ ሁሉም አለው። በኔና በሱ መካከል ያለው ግድግዳ ከእንጨት ፍርፋሪ የተጨመቀ ቺፑድ ነው፤ እሱ ሲያነጥሰው እኔ «ይማርህ» እላለሁ፣ እሱ ከማዶ «ያኑርህ» ይላል። ዓርብ ሶላት ሲሄድ ሱቁን የምጠብቅለት እኔ ነኝ። በንግሥ ቀን ቤተ ክርስቲያን ስውል የኔን የሚጠብቅልኝ እሱ ነው። እኔ የሱን ብርጭቆ ስሸጥ እሰብራለሁ፤ እሱ የኔን አምፖል ሲሸጥ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድም ሰው ደብዘዝ አለብኝ አይለውም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ለኛ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ለጓዳዬ አዲስ ማብሪያና ማጥፊያ የገዛሁ ቀን ነው። ጓዳዬ መስኮት የለውም። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት እንኳ ገብቶ በሩን ለዘጋ ሰው የገዛ እጁ አይታየውም። ማጥፊያውን በዳሰሳ ስፈልግ ስንት ጊዜ ካርቶን ደርምሼአለሁ። ታዲያ ሲኒማ ራስ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ቀይ ዓይን ያላት ማጥፊያ አየሁ። መብራቱ ሲጠፋ ቀይዋ ዓይን ትበራና «እዚህ ነኝ» ትላለች። ወደድኳት! ገዝቼ መጣሁና በገዛ እጄ ገጠምኳት። አስካለን ጠርቼ አሳየኋት፤ ሰይድን ጠርቼ አሳየሁት፤ ሰይድም «ዓይኗ ታምራለች» አለ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ካርቶን ላወጣ ገባሁ። አወጣሁ፣ አጠፋሁ፣ ልወጣ ስል ጓዳው ብልጭ አለ። ቆምኩ። ጨለማ ነው። ዓይኔ ነው አልኩና አንድ እርምጃ እንደተራመድኩ እንደገና ብልጭ! ካርቶኑን ለቀቅኩት፤ ውስጡ ስንት አምፖል እንደረገፈ ዛሬም አልነግራችሁም። ዞሬ ሳይ ያ ቆጣቢ አምፖል ጣራው ላይ ጭልም ብሎ ተንጠልጥሏል። አፍጥጬ ጠበቅኩት። እሱም ጠበቀኝና ጠቀሰኝ።

«አስካለ!» ብዬ ጮህኩ። «የጠፋ አምፖል ይበራል!»

«እንኳን ደስ ያለህ» አለች ከውጭ፤ ገንዘብ እየቆጠረች ነበር። «እንግዲህ መብራት ሲጠፋም እንሸጣለን በላ!»

አምፖሉን ቀየርኩት። አዲሱም ጠቀሰኝ። ሦስተኛ ቀየርኩ፤ ያም ያው ነው። አውጥቼ መሞከሪያው ጣውላ ላይ ሳስራቸው ሁሉም እንደ ቅዱስ ናቸው፤ ሲያበሯቸው ይበራሉ፣ ሲያጠፏቸው ይጠፋሉ። ጓዳ ስመልሳቸው ይባልጋሉ። ጭንቀቴን አስቡት። አንዱ ደንበኛ አይቶ «የሱ አምፖል አጥፍተውትም አይጠፋም» ካለ፣ ማን ነው ከዚያ በኋላ ከኔ ገዝቶ የሚተኛ?

እንግዲህ ሆዱን ከፍቼ አየዋለሁ አልኩ። አምፖሉን ከጣራው ነቀልኩት። ልብ በሉልኝ፣ ነቅዬዋለሁ፤ ከመስመር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ እጄ ላይ ነው። ከቱቦው በታች ያለውን ነጭ ፕላስቲክ በካቻቢቴ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ትንሽ ሰሌዳ፣ ጥቃቅን ነገሮች የተደረደሩበት፣ ብቅ አለች። ባላስት የሚባለው እሱ ነው። አውራ ጣቴን ሰደድኩና፣ ወይኔ ልጄ! ከጣቴ ገብቶ በክርኔ ወጣ። ራሴን ያገኘሁት ካርቶን ላይ በጀርባዬ ወድቄ ነው። የጮኽኩት ጩኸት የኔ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ሰዎች ሲነግሩኝ ነው።

መጀመሪያ የደረሰልኝ ሰይድ ነበር። የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ገባ፤ መብራት የያዘው ሰው በእጅ እንደማይነካ ያውቃል። በደረቁ እንጨት ጎኔን ወጋ ወጋ አድርጎ መስመር ላይ አለመሆኔን ካረጋገጠ በኋላ አንስቶ አስቀመጠኝ፣ ውሃ አጠጣኝ። እኔ ምን አደረግኩ? እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። ያ ነገር ከየት መጣ እያልኩ ሳስብ ዓይኔ የቺፑዱ ግድግዳ ላይ አረፈ። በዚያ ሰሞን ሰይድ ብርጭቆዎቹ እንዲያብረቀርቁ አዳዲስ መብራት ደርድሮ ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። ምነው ምላሴ በተቆለፈ!

«እኔ መብራቱን አጥፍቻለሁ» አልኩት። «አጥፍቼው የሚመጣ መብራት ከየት ይመጣል? ካንተ በኩል ካልሆነ? በዚህ ግድግዳ ውስጥ መስመሬን ጠልፈሃል፤ ሰርቀኸኛል!»

ሰይድ የውሃውን ብርጭቆ እንደያዘ ቀረ።

«እኔ?» አለ።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። መጥረጊያውን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ።

«አንተ ሰውዬ» አለች አስካለ፣ «አምፖሉ እኮ እጅህ ላይ ነበር። ሰይድ በምን ላከብህ? በአየር?»

«ስልክ ያለ ገመድ ይሠራ የለም እንዴ? ዘመኑ ሠልጥኗል!» አልኳት። እንዲህ ብዬ ስናገር አንድም የሚያፍር የሰውነት ክፍል አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሰይድ ሱቁን ሲከፍት ሰማሁት። ሁልጊዜ ቁልፉን ገና ሳይመልስ «እንዴት አደርክ ጎረቤት» ይል ነበር። ያን ቀን ብርጭቆ ሲደረድር ብቻ ተሰማኝ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ዓርብ ሲደርስ ሱቁን ለኔ መተው ቀርቶ ከነገበያው ዘግቶት ሄደ። የዘጋው በር ፊት ለፊት ቆሜ አየሁት። ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ግን ሞት መሰለኝ። እንዲያውም ልቤ ደነደነ። «ንጹሕ ቢሆን ይከራከረኝ ነበር» አልኩ።

ወሬ ደግሞ መርካቶ ውስጥ ከሚኒባስ ይቀድማል። እኔ ለሁለት ሰው ብቻ የነገርኩት ነገር ሲኒማ ራስ ሲደርስ፣ ሰይድ በኔ መስመር ፋብሪካ ያንቀሳቅሳል ተብሏል። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲደርስ እኔ መብራት ይዞኝ ሞቻለሁ። አንዲት የሩቅ ዘመዴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች መጣችና ሱቄ በር ላይ ያገኘችውን ሰው «ድንኳኑ የት ነው የተተከለው?» ብላ ጠየቀች። ያገኘችው ሰው እኔ ነበርኩ! ቀና ብላ ስታየኝ እሷም ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ። አስካለ ለሁለታችንም ውሃ አመጣች።

ከዚህ በኋላ ማስረጃ ግድ ሆነብኝ። ሰይድ የቀበረውን ገመድ አውጥቼ ለሕዝብ ላሳይ! መዶሻ ያዝኩና ጓዳ ገባሁ። ግድግዳውን በጣቴ ኳ ኳ እያደረግኩ አዳመጥኩት። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ለየት አለብኝ። «እዚህ ነው» አልኩና ሰነዘርኩ። ቺፑዱ እንዲህ ልፍስፍስ ነው ብዬ መች አሰብኩ። መዶሻው አንድ ጊዜ አለፈ፣ እጄም ተከትሎት አለፈ። ከዚያ ከማዶ አንዲት ብርጭቆ ወደቀች። ቀጥላ ሌላ። ቀጥሎ መደርደሪያው እንዳለ ተነቅሎ ሄደ። የውሃው፣ የሻይው፣ ባለ እግሩ፣ ባለ ወርቅ ቅቡ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሲወርድ የሰማሁትን ድምፅ ለጠላቴም አልመኝም። ሲያበቃ በቀዳዳው አጮልቄ አየሁ። የብርጭቆው ስባሪ መካከል ሰይድ ቆሞ ቀዳዳውን፣ ማለትም የኔን ዓይን፣ ያያል። ገመድ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ መደዳው ዝም አላለም። ሁለት ሽማግሌ ተመረጠ። አንደኛው ሐጂ ኑርሁሴን ናቸው፤ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ መደዳው ውስጥ የሳቸውን ቃል የሚዘል የለም። ሁለተኛው ጋሼ ወርቁ ናቸው፤ ቁልፍና ማጠፊያ ይሸጣሉ፤ እንደ ሥራቸው ሁሉ ነገሩን ሁሉ ቶሎ መዝጋት ይወዳሉ። ጉዳዩ የሚታየው ጓዳዬ ውስጥ ነው ተባለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ እኔና ሰይድ የአምፖል ካርቶን ላይ ተቀመጥን፤ አስካለ በሩ ጋ ቆመች። እኔ መብራቱን አጥፍቼ በሩን ገፋ አደረግኩት። አምፖሉ ጠቀሰ።

«ኧረ በስማም!» አሉ ጋሼ ወርቁ።

«ያ አላህ!» አሉ ሐጂ።

እኔ ኮራሁ። አሁን ነው የምታዩት አልኩ በሆዴ። መብራቱን መልሼ አበራሁና፣ ማን ጠየቀኝ፣ ትምህርት ጀመርኩ።

«ሐጂ፣ ይሄ አምፖል እንደ ድሮው ከዳር ዳር የሚግል ክር የለውም። ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ነው፤ ትንሽ የሜርኩሪ ተን አለበት። ጋዝ ደግሞ ሰነፍ ነው፤ እንዲሁ መብራት ቢሰጡት አይነሳም፤ በኃይል መገፋት አለበት። የሚገፋው ባላስቱ ነው።»

«ቀስቃሽ ነው በለኛ» አሉ ሐጂ።

«ቀስቃሽ ብቻ አይደለም! ጋዙ አንዴ ከተነሳ ደግሞ ልክ አያውቅም፤ ያለውን መብራት ሁሉ ልዋጥ ይላል። ከልካይ ካጣ ራሱን አቃጥሎ ያርፋል። ያኔ የሚይዘውም ያው ባላስት ነው። ገፍቶ ያስነሳል፣ ከተነሳ ይይዛል።»

«ለሰውም ይገጠም ነበር እንዲህ ያለውን» አለች አስካለ ከበሩ። ማንን እንደሆነ ሁሉም ገባው፤ ከኔ በቀር።

«የድሮው ባላስት ብረትና መዳብ ነበር፤ ለብቻው ይገጠማል፣ ያቃስታል፣ ይከብዳል። የዛሬው እዚች አምፖሉ ሥር ያለች ፕላስቲክ ውስጥ ገብቷል። የመጣውን መብራት መጀመሪያ ትንሽ ጣሳ በምታህል ነገር ያጠራቅማል፤ ኮንደንሰር ትባላለች። ከዚያ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ለጋዙ ያቀርባል። መቆራረጡ ከመፍጠኑ የተነሳ ዓይን አይዘውም። ጋዙ የሚሰጠው ብርሃን ራሱ ለሰው ዓይን አይታይም፤ መስታወቱ ውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት ነው ወደዚህ ወደምናየው የሚለውጠው።»

«እንዴት ነው ነገሩ» አሉ ጋሼ ወርቁ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ የማይታይ ብርሃን ነው ስትሸጥልን የኖርከው?»

ሰይድ ወለሉን ያያል።

«አሁን» አልኩ፣ «የሰይድ ብሬከር ይውረድ። አምፖሉ መጥቀሱን ካቆመ ሌባው ታወቀ ማለት ነው።» ሰይድ ራሱ ተነስቶ ሄደ፤ ሱቁ ጭልም ሲል በቀዳዳው አየነው። ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ አጠፋሁ። ጨለማው ውስጥ አምስታችንም ወደ ጣራው አንጋጠጥን።

አምፖሉ ጠቀሰ።

«ሌላ ስውር ገመድ አለው!» አልኩ። ድምፄ ግን ቀጥኖ ነበር።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉ ሐጂ በጨለማው ውስጥ። «አምፖሉን አጥፍተኸዋል?»

«አጥፍቼዋለሁ ሐጂ።»

«ወደሱ የሚሄድ መብራት የለም?»

«ጨርሶ የለም!»

«እንግዲያስ ያቺ ማጥፊያው ላይ ያለችው ቀይ ነገር ምን በልታ ነው የበራችው?»

ቀይዋን ዓይን አየኋት። እሷም አየችኝ።

«ከ... መስመሩ» አልኩ።

«ከሷ ያለፈውስ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ... አምፖሉ።»

ማንም ሳይነግረኝ፣ ያስተማርኩት ትምህርት እየተከተለ መጥቶ ያዘኝ። ያቺ ቀይ ዓይን እንድትበራ ጭላጭ መብራት በሷ በኩል ሾልኮ ወደ አምፖሉ ያልፋል። አምፖሉን ለማብራት አይበቃም፤ ኮንደንሰሯ ግን ጠብታውን ታጠራቅማለች። ስትሞላ ባላስቱ መብራት የመጣ መስሎት ጋዙን ይገፋዋል፤ ጋዙ ብልጭ ይላል፤ ያጠራቀመችው ያልቅና ይጨልማል። ደግሞ ማጠራቀም ትጀምራለች። እኔን የነከሰኝም፣ ከጣራው ነቅዬው እጄ ላይ ይዤው፣ እሷ ሆዷ ውስጥ ያስቀመጠችው ነው። ሌባዋን ገዝቼ ያመጣኋት እኔ፣ ግድግዳ ላይ የሰቀልኳት እኔ፣ ሰው ጠርቼ ያስመረቅኳት እኔ!

ዋናውን ብሬከር አወረድኩና በስልኬ መብራት እያየሁ የቀይዋን ዓይን ሽቦ ፈታሁ። ብሬከሩን መለስኩት። ማጥፊያው እንደጠፋ ነው። ጓዳው ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን። ምንም የለም። ድቅድቅ አለ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ «ምነው አንዴ ብልጭ ባለ» ብዬ የለመንኩበት ጊዜ የለም። ፊቴ እንዳይታይ ግን ጨለማው ጠቅሞኛል።

ሽማግሌዎቹ ወጥተው ተማከሩ። ፍርዱ አጭር ነበር። አጥፊ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የአባቶች ወግ ነው። ችግሩ፣ መርካቶ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም ሲባል ድንጋይ ግን አልተገኘም። መደዳው አስፋልትና ሲሚንቶ ነው። ጋሼ ወርቁ ግራ ቀኝ አይተው «እንግዲህ ይቅር» ሊሉ ሲሉ አስካለ ጓዳ ገብታ የድሮውን ብረት ባላስቶች፣ ገዢ ያጡትን፣ በገመድ አስራ አመጣች። «ይሄ ከድንጋይ ያንሳል?» አለች። ሐጂ አንስተው መዘኑትና «አያንስም» አሉ። የገዛ ሚስቴ አንገቴ ላይ ጫነችብኝ።

የሰይድ በር ከበሬ አንድ እርምጃ ነው። አጭር ነው ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ሐጂ ግን «ወሬው የዞረበትን አንተም ዙረው» አሉ። መደዳውን በሙሉ ዞርኩ። በየሱቁ በር እየቆምኩ «ሰይድ ንጹሕ ነው፤ የሰደብኩት በሐሰት ነው» አልኩ። አንዳንዱ «እግዜር ይቀበልህ» አለኝ። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸኝ። ጥግ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው አስቆመኝና አንገቴ ላይ ያለውን ብረት ገልበጥ አድርጎ አየ።

«ስንት ነው ባላስቱ?» አለ።

«ይቅርታ እየጠየቅኩበት ነው» አልኩት።

ጥቂት አሰበ። «ይሞከርልኛል?» አለ።

በመጨረሻ ሰይድ በር ላይ ደረስኩና ጎንበስ አልኩ። ሐጂ «ሰይድ ልጄ፣ ስለ አላህ ብለህ አንሳለት» አሉ። ሰይድ ብረቱን ከአንገቴ አንስቶ መሬት አስቀመጠው። አንገቴ ቀለለ፤ ዓይኔ ግን ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

«ለአላህ ብዬ ምሬሃለሁ» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ግን አንድ ነገር ልበልህ» አለ። «አምፖሉን ቀያይረህ ጠየቅከው። ከፍተህ ጠየቅከው። ግድግዳውን በመዶሻ ጠየቅከው። ብሬከሬን ጠየቅከው። እኔ አጠገብህ ነበርኩ። እኔን ግን አልጠየቅከኝም።»

ያ ባላስት የነከሰኝ ጊዜ እንዲህ አልነዘረኝም።

ብርጭቆዎቹን ተካሁ፤ መደርደሪያውን አሠራሁ። ቀዳዳውን ልደፍን ቺፑድ አስቆርጬ ስመጣ ሰይድ ከማዶ አየኝና «ተወው» አለ። «ደግሞ ስትጠረጥረኝ በዚህ በኩል ጠይቀኝ።» ያለው ይህን ብቻ ነው። እኔም ቺፑዱን ጥግ አስደግፌ ተውኩት።

ምሬሃለሁ ቢልም ሰላምታው አልተመለሰም። ጠዋት ጠዋት ይከፍታል፤ እኔ መሞከሪያዬ ጋ ቆሜ ጆሮዬን አቆማለሁ፤ ብርጭቆ ይደረደራል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ሲያነጥሰው «ይማርህ» እላለሁ፤ ከማዶ ዝም ነው። አስካለ «ጊዜ ስጠው» ትለኛለች። ለመናደድ ግን መብት አልነበረኝም፤ አዘንኩ እንጂ።

አንድ ጠዋት ለአንዲት ሴትዮ ቆጣቢ አምፖል ላመጣ ጓዳ ገብቼ ገና ከካርቶኑ ሳወጣ፣ ከቀዳዳው በኩል፣ ልክ ጆሮዬ ሥር፣ ድምፅ መጣ።

«እንዴት አደርክ ጎረቤት።»

ዘለልኩ። አምፖሉ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ዱቄት ሆነ። ቆጣቢ አምፖል ሲሰበር ደግሞ፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ስላነበብኩት፣ በር ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ የሜርኩሪው ተን እስኪበን ይጠበቃል እንጂ ተሸቀዳድሞ አይጠረግም። «ውጡ! ውጡ!» አልኩ። ሴትዮዋ እሳት መስሏት ጫማዋን ጥላ ሮጠች። አስካለ የገንዘብ ሣጥኗን አቅፋ ወጣች። ትዝ ሲለኝ በመካከላችን ቀዳዳ አለ። ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብዬ «ሰይድ፣ አንተም ውጣ! ወዳንተም ይገባል!» አልኩ።

ሰይድ ወጣ። መንገዱ ዳር፣ ሁለት በራችንን ከፍተን፣ ጎን ለጎን ቆምን። ሸክም የያዙ ሰዎች «ዞር በሉ» እያሉ ሊያልፉ ይሞክራሉ፤ እኛ እየተጠጋጋን እናሳልፋቸዋለን። ያን ያህል ቀርበን ከቆምን ሰንብተናል።

«ያን ጊዜ የሰደብኩህ ደንግጬ እኮ ነው» አልኩት።

ሰይድ ሱቆቹን ያያል።

«እኔም» አለ። «ያን ቀን ወድቀህ ሳገኝህ፣ የሞትክ መስሎኝ ነበር።»